ብቸኛዋ ጠያቂ፦ የአንድ እንደራሴ ዓመት በምን ይመዘናል?



ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ጉዳይ ይህ ነው፦ የሕዝብ እንደራሴ የሆነ ሰው በምክር ቤት ያሳለፈው አንድ ዓመት በምን ይመዘናል? ባሸነፈው ድምፅ ነው? ባስጨበጨበው ንግግር ነው? ወይስ ሌላ ሚዛን አለ? ነገሩን በደፈናው ከማወራ አንድ እውነተኛ ዓመት መርጫለሁ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1962 ነው። አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ ከተማው ኬፕታውን፣ እንደራሴዋ ደግሞ ሄለን ሱዝማን ናቸው።

በዚያ ዓመት የምክር ቤት ዘመን ወይዘሮ ሱዝማን 66 ጊዜ ተነሥተው ንግግር አደረጉ፤ 26 የማሻሻያ ሐሳቦች አቀረቡ፤ 137 ጥያቄዎችን ለሚኒስትሮች ጠየቁ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከፓርቲያቸው አንድም ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ቤቱ በገዥው ናሽናል ፓርቲ የተሞላ ነበርና የሚያቀርቡት ሐሳብ በድምፅ እንደሚወድቅ እሳቸውም፣ ሚኒስትሮቹም፣ በጋለሪ የተቀመጠው ጋዜጠኛም አስቀድመው ያውቁ ነበር። እንግዲህ ዓመቱን ባሸነፉት ድምፅ ብንመዝነው ባዶ ሆኖ እናገኘዋለን።

እኔ ግን ያ ዓመት በአህጉራችን የምክር ቤት ታሪክ እጅግ ፍሬያማ ከሆኑት ዓመታት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ድምፅ ተቆጥሮ በዕለቱ ያበቃል። ጥያቄ ግን ባለሥልጣኑን በገዛ አንደበቱ ያናግርና ቃሉን በመዝገብ ያስቀረዋል። በቁጥር የተሸነፈ እንደራሴ በእጁ የሚቀረው ትልቁ መሣሪያ ይህ ነው፤ በቁጥር ያሸነፈውም ቢሆን ለሕዝብ ሊሠራበት የሚገባው መሣሪያ ይኸው ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ለማስረዳት ነው።

ሄለን ሱዝማን እ.ኤ.አ. በ1917 ጀርሚስተን በምትባል በጆሃንስበርግ አጠገብ ባለች የማዕድን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሊቱዌኒያ የመጡ አይሁዳውያን ነበሩ። ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት የጥቁሮችን የከተማ ኑሮ የሚመረምር የፋገን ኮሚሽንን ሲያቋቁም፣ የደቡብ አፍሪካ የዘር ግንኙነት ተቋም ለኮሚሽኑ የሚያቀርበውን ማስረጃ በማዘጋጀት ሠርተዋል። አንድ ጥቁር ሠራተኛ የት እንደሚያድር፣ ሚስቱና ልጆቹ አብረውት መኖር ይችሉ እንደሆነ፣ ሥራ ለመፈለግ በከተማ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚወስነውን የይለፍ ደብተር ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ያጠኑት በዚያን ጊዜ ነው። በኋላ ምክር ቤት ገብተው ያነሷቸው ጥያቄዎች መሠረታቸው ይህ ጥናት ነው። ጉዳዩ ስሜታቸውን ስለነካ ብቻ ሳይሆን አጥንተውት ገቡ።

የገቡት እ.ኤ.አ. በ1953 ሀውተን ከተባለችው የጆሃንስበርግ ባለጸጎች ሰፈር ተመርጠው ነው። መራጮቻቸው ነጮች ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ የዋናው ተቃዋሚ የዩናይትድ ፓርቲ አባል ነበሩ፤ ፓርቲው የዘር መለያየት ሥርዓቱን፣ አፓርታይድን፣ በሙሉ ልብ አለመቃወሙ ስላንገሸገሻቸው እ.ኤ.አ. በ1959 ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ወጥተው ፕሮግረሲቭ ፓርቲን መሠረቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1961 ምርጫ ተደረገ። ናሽናል ፓርቲ 105 መቀመጫ አገኘ። ከፕሮግረሲቮቹ ግን ሌሎቹ ሁሉ ወድቀው ሱዝማን ብቻቸውን በ564 ድምፅ ብልጫ አለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 1974 ድረስ ለ13 ዓመታት በዚያ ቤት የፓርቲያቸው ብቸኛ እንደራሴ ሆነው ኖሩ።

ብቸኝነቱ ምን ማለት እንደሆነ ላፍታ አስቡት። አንድ ፓርቲ ብዙ አባላት ሲኖሩት አንዱ ስለ በጀት፣ ሌላው ስለ ፍርድ ቤት፣ ሌላው ስለ ትምህርት ይዘጋጃል። ሱዝማን ግን ሁሉንም ረቂቅ ሕግ ራሳቸው ማንበብ ነበረባቸው። ሲናገሩ የሚደግፋቸው፣ ሲደክማቸው የሚተካቸው አልነበረም። ደግሞም በዚያ ዘመን ጥቁሮች በምክር ቤቱ የነበሯቸው ጥቂት ነጭ ወኪሎች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960 ተሽረው ነበር። ስለዚህ የአገሪቱ አብላጫ ሕዝብ በዚያ ቤት አንድም ወኪል አልነበረውም። ያ ሕዝብ ያልመረጣቸው፣ ሊመርጣቸውም ያልተፈቀደለት አንዲት የሀውተን እንደራሴ ጉዳዩን በፈቃዳቸው ተሸከሙለት።

አሁን ወደ 1962ቱ ንግግሮች ልለፍ። የዚያ ዓመት ትልቁ ክርክር «የሳቦታጅ ሕግ» እየተባለ በሚጠራው ረቂቅ ላይ ነበር። ያቀረቡት የፍትሕ ሚኒስትሩ ጆን ቮርስተር ናቸው፤ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት። ሕጉ ሳቦታጅ፣ ማለትም አሻጥር፣ የሚለውን ወንጀል እጅግ አሰፋው፤ ያለፈቃድ ወደ አንድ ግቢ መግባት እንኳ እንደ ሁኔታው ሊካተትበት ይችል ነበር። ዝቅተኛው ቅጣት አምስት ዓመት እስራት፣ ከፍተኛው ሞት ሆነ። ሚኒስትሩ ሰውን ያለ ፍርድ በቤቱ ውስጥ እንዲያስር ሥልጣን ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት በዚህ ሥልጣን የመጀመሪያዋ የቁም እስረኛ የሆኑት የአፓርታይድ ተቃዋሚዋ ሄለን ጆሴፍ ናቸው። እገዳ የተጣለበት ሰው የተናገረውን ጋዜጣ ማተም ተከለከለ።

በዚህ የመጨረሻው ክልከላ ላይ ልቆይ፤ የሱዝማን ንግግሮች ኃይል የተገኘው ከዚያ ነውና። በአገሪቱ ብዙ አፎች በሕግ ሲዘጉ በምክር ቤት ውስጥ የተነገረ ቃል ግን ጥበቃ ነበረው። አንድ እንደራሴ በቤቱ የተናገረውን ነገር ጋዜጦች መዘገብ ይችሉ ነበር። እንደ ራንድ ዴይሊ ሜይል ያሉ ጋዜጦች በቀጥታ ሊጽፉት የሚያስፈራቸውን ጉዳይ ከምክር ቤቱ ውሎ ላይ አንሥተው ለአንባቢ ያደርሱት ነበር። ሱዝማን ይህን ያውቁ ነበር። ስለ እስረኛ፣ ስለ ተባረረ ቤተሰብ፣ ስለ ተዘጋ ትምህርት ቤት ሲናገሩ ፊታቸው ያሉትን 105 የገዥ ፓርቲ አባላት ለማሳመን ብቻ አልነበረም። ከቤቱ ውጭ ላለው አገር፣ ከአገሩም ውጭ ላለው ዓለም ይናገሩ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛም አገር ከዚያ ዓመት ጋር የተገናኘችበትን መንገድ ላስታውሳችሁ። ሱዝማን በኬፕታውን በጥያቄና በንግግር በተጠመዱበት በዚያው ዓመት፣ በየካቲት 1962 መጀመሪያ፣ ኔልሰን ማንዴላ ከአገራቸው በስውር ወጥተው አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ተናገሩ። ቆይተውም ተመልሰው መጥተው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ። አገራቸው በገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን ተያዙ፤ በኅዳር ወር አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ከክሶቹ አንዱ ሕጋዊ የጉዞ ሰነድ ሳይዙ ከአገር መውጣት ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ደግሞ፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም ስለ ዛሬዋ ናሚቢያ፣ በደቡብ አፍሪካ ላይ የመሠረቱትን ክስ የማየት ሥልጣን እንዳለው የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ8 ለ7 ድምፅ ወሰነ። አንዱ ትግል በኮልፌ የሥልጠና ሜዳ፣ አንዱ በሄግ ችሎት፣ አንዱ በኬፕታውን ምክር ቤት ወንበር ላይ ይካሄድ ነበር። ሦስቱን አንድ ያደረጋቸው የተቃወሙት ግፍ ነው፤ ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ አስፈላጊ ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ 137ቱ ጥያቄዎች ልምጣ።

የአሠራሩ ወግ ይህ ነው። እንደራሴው ጥያቄውን በጽሑፍ አስቀድሞ ያስገባል። ጥያቄው በዕለቱ የሥራ ዝርዝር ላይ ይታተማል። ለጥያቄ በተመደቡት ቀኖች የሚመለከተው ሚኒስትር ተነሥቶ ይመልሳል፣ ወይም በጽሑፍ መልስ ይሰጣል። ጥያቄውም መልሱም በቃለ ጉባኤው ውስጥ ይገባሉ። ድምፅ አይሰጥበትም። ስለዚህ 105 ሰዎች ተሰብስበው ሊጥሉት አይችሉም። ይህን ልብ በሉልኝ፦ በዚያ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው የተተወ፣ ብዛት ሊያሸንፈው የማይችል አንድ መብት ይህ ነበር።

ሱዝማን የጠየቋቸው ነገሮች ምን ዓይነት ነበሩ? በዓመቱ ውስጥ በይለፍ ሕግ ስንት ሰው ተከሰሰ? ስንት ሰው ያለ ፍርድ ታሰረ? ስንት ሰው ተገረፈ? ስንት ሰው በስቅላት ተቀጣ? ለአንድ ነጭ ተማሪ ስንት ገንዘብ ይወጣል፣ ለአንድ ጥቁር ተማሪስ ስንት? ከመኖሪያው የተነሣው ቤተሰብ ወዴት ተወሰደ? በሄደበትስ ውኃና ክሊኒክ አለ?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስድብ የለበትም፣ ፉከራም የለበትም። አብዛኛው የሚጠይቀው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚያውቀው መንግሥት ብቻ ስለነበረ ከሌላ ቦታ ሊገኝ አይችልም። ሚኒስትሩ ሲመልስ በይለፍ ሕግ የሚከሰሰው ሰው በየዓመቱ በመቶ ሺዎች እንደሚቆጠር በራሱ አፍ ይናገራል። ለነጭ ልጅ ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ ለጥቁሩ ልጅ ከሚወጣው ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑን በራሱ አሐዝ ያሳያል። ተቃዋሚ የተናገረው ቢሆን «ስም ማጥፋት ነው» ይባል ነበር። ሚኒስትሩ ራሱ ያመነው ግን አይታበልም። የዘር ግንኙነት ተቋም በየዓመቱ ያሳትመው የነበረው ታላቅ የጥናት መድበልም ከእነዚህ የምክር ቤት መልሶች ብዙ ይወስድ ነበር፤ ተመራማሪውም፣ ጋዜጠኛውም፣ የውጭ አገር ዲፕሎማቱም በዚያ ይጠቀም ነበር።

አንድ ሚኒስትር ተበሳጭተው፣ ይህን ሁሉ የሚጠይቁት ደቡብ አፍሪካን በውጭ አገር ለማሳፈር ነው ሲሏቸው ሱዝማን የመለሱላቸው ይታወሳል፦ አገሪቱን የሚያሳፍራት የእኔ ጥያቄ ሳይሆን የእናንተ መልስ ነው አሏቸው። በዚህ አንድ መልስ ውስጥ የጥያቄ ሥልጣን በሙሉ አለ። ጠያቂው የሚያደርገው መስኮት መክፈት ነው፤ በመስኮቱ የሚታየውን ያደረገው ሌላ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። የሙግት ባህላችን በጥያቄ የታነጸ ነበርና። በጥንቱ «ተጠየቅ» ሙግት ከሳሽ ባላጋራውን ነጥብ በነጥብ እየጠየቀ ያስመልሰዋል፤ ያልመለሰ ወይም የተምታታ ይረታል፤ ተሟጋቾቹም በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳሉ። ዳኛውና በዙሪያው የተቀመጠው ሕዝብ የሚፈርደው ጮኾ በተናገረው ላይ ሳይሆን መልስ ባጣው ላይ ነበር። በምክር ቤት የሚጠየቅ ሚኒስትርም እንዲሁ ነው። ዳኛው ሕዝቡ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ደግሞ ሙግቱ የተጻፈበት ነው።

ጥያቄዎቹ ከየት ይመጡ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከፖስታ ሣጥን ነው እላችኋለሁ። ለሱዝማን የሚደርሳቸው ደብዳቤ ብዙ ነበር። ይጽፉላቸው የነበሩት በአብዛኛው ለእሳቸው ድምፅ መስጠት የማይችሉ ሰዎች ናቸው፦ እስረኞች፣ የእስረኛ ሚስቶች፣ እገዳ የተጣለባቸው፣ ከቤታቸው የተፈናቀሉ። ከደብዳቤው ውስጥ አንዱን ነገር ይመርጡና ያጣሩታል። ሲቻልም ራሳቸው ሄደው ያያሉ። እስር ቤት ይገባሉ፣ የጥቁሮች ሰፈሮችን ይጎበኛሉ፣ ሰዎች በግዳጅ የተወሰዱባቸውን ሰፈራዎች ያያሉ። «ራስህ ሄደህ እይ» የሚለው መመሪያቸው ነበር። ስለዚህ ሚኒስትሩ ሊሸሽ ቢሞክርም አይችልም ነበር፤ ጠያቂዋ ቦታውን አይተውታል።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በሚናገሩበት ጊዜ ከተቃራኒው ወንበር «ወደ ሞስኮ ሂጂ»፣ «ወደ እስራኤል ሂጂ» የሚል ጩኸት ይሰማ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1963፣ ሰውን ለ90 ቀን ያለ ክስና ያለ ጠበቃ ማሰርን የሚፈቅደው ረቂቅ ሲቀርብ ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ እንኳ ከመንግሥት ጎን ቆመ፤ ሱዝማን ብቻቸውን ተቃወሙ። በ1966 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ፈርዉርድ በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተወግተው በሞቱበት ቀን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒ. ደብሊው. ቦታ ጣታቸውን ቀስረው ይህን ያደረጋችሁት እናንተ ሊበራሎች ናችሁ እያሉ ጮኹባቸው። በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዋል። ይህን ሁሉ ስድብ ተሸክመው በማግስቱ ያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥያቄያቸውን ያቀርቡ ነበር። ጽናት የምንለው ይህንን ነው።

ጥያቄ አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚተው ነገር አለመሆኑንም ከእሳቸው እንማራለን። የሮበርት ሶቡክዌን ነገር ውሰዱ። ሶቡክዌ የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ መሪ ነበሩ፤ ፖሊስ በይለፍ ሕግ ተቃዋሚዎች ላይ ከተኮሰበት ከሻርፕቪል እልቂት በኋላ ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። በ1963 ፍርዳቸውን ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ፣ ፍርዱን የጨረሰን እስረኛ መንግሥት እንደገና እንዲያቆይ የሚፈቅድ አንቀጽ በሕግ ወጣ። አንቀጹ የተሠራው ለእሳቸው ስለሆነ ሰው «የሶቡክዌ አንቀጽ» አለው። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ማደስ ነበረበት፤ ሶቡክዌም እስከ 1969 የእስረኞች ደሴት በሆነችው በሮበን ደሴት ቆዩ። ሱዝማን ሄደው ጎበኟቸው፤ አንቀጹ ለእድሳት በቀረበ ጊዜም ይቃወሙ ነበር። በየዓመቱ ተሸነፉ። ነገር ግን መንግሥት ያን ሰው በዝምታ ሊያስረሳ አልቻለም፤ በየዓመቱ ተነሥቶ ለምን እንዳሰረው መናገር ግድ ሆነበት።

በ1967 ደግሞ ሮበን ደሴት ገብተው ማንዴላንና ጓዶቻቸውን አዩ። ማንዴላ ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሥራው፣ ከሁሉም በላይ በእጁ ላይ የናዚ ምልክት ስለ ተነቀሰ አንድ ጨካኝ ጠባቂ ነገሯቸው። ሱዝማን ጉዳዩን ለሚኒስትሩ አቀረቡ፤ በምክር ቤትም ሊነሣ እንደሚችል ሚኒስትሩ ያውቁ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ጠባቂው ከደሴቲቱ ተነሣ። እዚህ ላይ ጥያቄው በቤቱ ውስጥ ሳይጠየቅ እንኳ ሠራ። በአንድ አገር ውስጥ የማይፈራ ጠያቂ እንዳለ ሲታወቅ፣ ያልተጠየቀው ጥያቄ ራሱ የባለሥልጣንን እጅ ይይዛል።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ ተቃውሞዎቹንም በቅንነት ማንሣት አለብኝ። ብዙ የነፃነት ታጋዮች ሱዝማንን በነጮች ብቻ ምክር ቤት መቀመጣቸው ለዚያ ሥርዓት ሽፋን ይሰጣል ብለው ወቅሰዋቸዋል። ፓርቲያቸው ለረጅም ዘመን የመምረጥ መብት በትምህርትና በሀብት መጠን ይሰጥ የሚል አቋም ነበረው፤ ለሁሉም እኩል ይሁን ያለው በ1978 ነው። ሱዝማን በደቡብ አፍሪካ ላይ የሚጣለውን የኢኮኖሚ ማዕቀብም ተቃውመዋል። እነዚህ ከባድ ነቀፌታዎች ናቸው። አፓርታይድን የጣለው በዋነኛነት የሕዝቡ ትግልና መሥዋዕትነት፣ የእስረኞቹ ጽናት፣ የወጣቶቹ ደም፣ የዓለምም ጫና ነው። አንድ እንደራሴ በ137 ጥያቄ አገር ነፃ አወጡ ብዬ ታሪክ አላጣምም።

ግን ይህን እላለሁ። እነዚያ ጥያቄዎች ባይኖሩ ኖሮ ግፉ በቢሮ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር። የነጩ መራጭም «አላወቅንም» ለማለት ምክንያት ባገኘ ነበር። ሱዝማን ያን ምክንያት ነጠቁት። የታሰረው ሰው ስሙ በምክር ቤት ሲጠራ ጠባቂው እጁን ይሰበስባል። የተፈናቀለችው እናት ጉዳይዋ ሲነሣ፣ ምንም እንኳ ቤቷ ባይመለስላት፣ በደሏ እውነት መሆኑ ይጻፍላታል። ለተበደለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማንዴላም ሆኑ ጓዶቻቸው ይህን አልዘነጉትም፤ በ1996 አዲሱን ሕገ መንግሥት ሲፈርሙ ሱዝማን ከተገኙት እንግዶች መካከል ነበሩ። በአቋም አምርረው የተለዩአቸው ሰዎች ሳይቀሩ የሠሩትን አክብረዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ማንም አባል እንደማይከሰስ ይናገራል። መራጩ ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት ውክልናውን ሊያነሣ እንደሚችልም ይናገራል። አንቀጽ 55 ደግሞ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ያረጋግጣል። የሥራ ዘመኑም ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። የሱዝማን ዓመት የተሠራበት መሣሪያ ሁሉ በእኛም ሕግ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል።

የብቸኝነቱም ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከ2002 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤታችን መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ ያገኘው አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ በዚያ ላይ አቶ ግርማ ሰይፉ አምስት ዓመት ተቀምጠዋል። ስለ ፖለቲካ አቋማቸው የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል። ያ ዘመን ግን አንድ ነገር አስተምሮናል ብዬ አምናለሁ፦ በአብላጫ ድምፅ የተሞላ ቤት ውስጥ አንድ የተለየ ጥያቄ ሲነሣ አገሩ ጆሮውን ያቆማል። ይህን ጆሮ የማስቆም ግዴታ ደግሞ የተቃዋሚ ብቻ አይደለም። የገዥው ፓርቲ አባልም መሐላ የፈጸመው ለሕዝብ ነው። የራሱን ሚኒስትር በጨዋነትና በዝርዝር የሚጠይቅ የገዥ ፓርቲ አባል ለፓርቲውም ለአገሩም ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል።

ስለዚህ ሰኔ 30 ሲደርስ የእንደራሴያችንን ዓመት እንዴት እንመዝን? እኔ አራት ሚዛን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጥያቄው መልስ ሊሰጠው የሚችል፣ የተወሰነ ነው ወይ? «መንግሥት ስለ ጤና ምን እያደረገ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ለሚኒስትሩ የሰጠው የመናገሪያ መድረክ ነው። «በዚህ ዞን ስንት ጤና ጣቢያ ያለ አዋላጅ ነርስ ይሠራል? መቼስ ይሟላል?» ያለ ግን የሰጠው ኃላፊነት ነው።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከሕዝብ የመጣ ነው ወይ? እንደራሴው ሄዶ ያየው፣ ደብዳቤ የደረሰው፣ ያጣራው ጉዳይ ነው? ወይስ ከጽሕፈት ቤት የተጻፈለትን አነበበ?

ሦስተኛ፣ ለማይመርጡት፣ ምናልባትም ለማይወዱት ሰዎች ጠይቋል ወይ? ለታራሚ፣ ለተፈናቃይ፣ በውጭ አገር በሰው ቤት እየሠራች ለምትንከራተት እኅታችን፣ ወኪል ለሌለው ሁሉ?

አራተኛ፣ ተከታትሎታል ወይ? መልስ ካልተሰጠው በሚቀጥለው ወር ተነሥቶ እንደገና ጠይቋል? በሚቀጥለው ዓመትስ?

እነዚህን አራቱን ብንይዝ ስንት ጊዜ እጅ እንዳወጣ ከመቁጠር እንወጣለን። የንግግር ማማርም አያታልለንም።

ከእንደራሴው ሌላ የምጠይቀው እናንተንም ነው። ሱዝማን 137 ጥያቄ የጠየቁት ሰዎች ስለ ጻፉላቸው ነው። እናንተስ ለወከላችሁ ሰው ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ፍርድ ቤት ቀጠሮው የምታውቁትን ዝርዝር በመረጃ አስደግፋችሁ ልካችኋል? በካፌ የምናወራው ቅሬታ ተጽፎ ካልደረሰ ጥያቄ አይሆንም። የሕግ ተማሪዎች፣ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ አንብቡ፤ በየዓመቱ የተሰጠውን መልስ ካለፈው ዓመት መልስ ጋር አስተያዩ። ጋዜጠኞች፣ የንግግሩን ድምቀት ብቻ ሳይሆን ያልተመለሰውን ጥያቄ ዘግቡ። መምህራን፣ ልጆቻችን ባለሥልጣንን በአክብሮት፣ ግን ያለ ፍርሃት መጠየቅን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ይልመዱ። በቤታችን ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በል» የምንል ከሆነ ምክር ቤታችን ጠያቂ አያገኝም።

አባቶቻችን ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። ካለመጠየቅ ደግሞ ከሹመት የሚበልጥ ነገር ይቀራል፤ ፍትሕ ይቀራል። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ለሚጠይቁልንም ጀርባ እንሁናቸው።